ጠይቁን፦ የካርቱን ገጸ ባህሪ ልብስ ቤት ውስጥ ለመሥራት

ልጆች የገጸ ባህሪ ልብስ ለብሰው የሚወጡበት የሃሎዊን ምሽት ኦክቶበር 31 ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ከሚደርሱን ጥያቄዎች የሚበዙት የልጆችን የካርቱን ልብስ የሚመለከቱ ናቸው። ልጁ የሚወደውን ገጸ ባህሪ መርጦ ጨርሷል፤ ቤት ውስጥ ያለው ግን መቀስ፣ ካርቶንና ያረጀ ሹራብ ነው። በእነዚህ ብዙ መሥራት ይቻላል። የሚከተሉትን ጥያቄዎች የመረጥናቸው አብዛኛው ሰው የሚቸገርባቸውን ቦታዎች ስለሚነኩ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስፌት አልችልም፣ የስፌት መኪናም የለኝም። የ6 ዓመት ልጄ የካርቱን አይጥ ካልሆንኩ እያለ ነው። ከምን ልጀምር? — የአንድ ልጅ እናት

መልስ፦ ስፌት ባይችሉም ይሠራሉ። ከሁሉ በፊት የገጸ ባህሪውን ሥዕል ፊት ለፊትዎ ያስቀምጡና አንድ ነገር ይመልከቱ፤ ሥዕሉ እንዳለ በጥቁር ቢሞላና ጥላው ብቻ ቢቀር፣ ማን እንደሆነ የሚያሳብቀው የትኛው ክፍል ነው? የካርቱን ሠዓሊዎች ገጸ ባህርያቸው ከሩቅ እንዲለይ የሚያደርጉት በቅርጹ ነው። ሚኪ ማውስ አንድ ትልቅ ክብና ከላዩ ሁለት ክቦች ነው። እነዚያ ክቦች በልኩ ከተሠሩ የቀረው ተራ ልብስ ቢሆንም ማንም ያውቀዋል። ቅርጹ ከሌለ ግን የኪስና የቁልፍ ዝርዝር ምንም አያድነውም። ስለዚህ ጊዜዎንና ጉልበትዎን ለራስ ይስጡት፤ ማለትም ለጆሮው፣ ለፀጉሩ ወይም ለኮፍያው። ከአንገት በታች ያለውን ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ልብስ ይሸፍነዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቀለም ነው። ገጸ ባህሪው ላይ ጎልተው የሚታዩትን ሁለት ወይም ሦስት ቀለሞች ብቻ ይምረጡና ከእነዚያ አይውጡ። ጽሑፍ ወይም አርማ ያለበት ሹራብ ከሆነ ገልብጠው ያልብሱት፤ አንዲት ትንሽ አርማ ዓይንን ትሰርቃለች።

ለአይጡ የሚያስፈልግዎት ጥቁር ባለ ኮፍያ ሹራብ፣ ጥቁር ታይት ወይም ሱሪ፣ ከላዩ የሚለበስ ቀይ ቁምጣ፣ ነጭ ጓንት፣ እንዲሁም የመጻፊያ ወረቀት የሚያክሉ 4 ጥቁርና 1 ነጭ የፌልት (ያልተሸመነ፣ ተጠቅጥቆ የተሠራ) ጨርቆች ናቸው። ፌልት ሲቆረጥ ጫፉ አይተረተርም፤ ስለዚህ ማጠፍም መዘምዘምም አይፈልግም። ስፌት ለማይችል ሰው ከዚህ የተሻለ ጨርቅ የለም። ከነጩ ፌልት 5 ሴ.ሜ. ቁመት ያላቸው ሁለት ሞላላ ቁልፎች ቆርጠው ቁምጣው ላይ በመርፌ ቁልፍ ከውስጥ በኩል ያያይዙ። ሲያልቅ ይነቀላል፣ ቁምጣውም ቁምጣ ሆኖ ይቀጥላል። ቁልፎቹ እጅዎ ላይ ከልክ በላይ የተለቁ ይመስሉዎታል፤ አይቀንሷቸው። ልብሱ የሚታየው ከ4 እና ከ5 ሜትር ርቀት ነው፣ በዚያ ርቀት ትንሽ ነገር ጎልቶ አይታይም።

ጥያቄ፦ ጆሮዎቹን ፕላስቲክ የፀጉር መያዣ ላይ በሙጫ ለጠፍኳቸው። ከ10 ደቂቃ በኋላ አንዱ ተገነጠለ፣ ሌላው ወደ ፊት ተደፋ። ምንድን ነው ችግሩ?

መልስ፦ የተገነጠለው ሙጫው ስለማይዝ ነው። ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ትኩስ ሙጫ ሲቀዘቅዝ ቅርፊት ሆኖ ይነሳል። መጀመሪያ መያዣውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በፌልት ወይም በሹራብ ክር ይጠቅልሉት፤ ከዚያ ሙጫው የሚያርፈው ጨርቅ ላይ ይሆናል፣ ጨርቁ ደግሞ ፕላስቲኩን አቅፎ ይይዘዋል።

የተደፋው ግን ከሁለቱ በአንዱ ምክንያት ነው፤ ወይ ካርቶኑ የተቆረጠው በተሳሳተ አቅጣጫ ነው፣ ወይ መሠረቱ ጠቧል። የካርቶን ሳጥን ጠርዝን አስጠግተው ቢያዩት በሁለቱ ወረቀቶች መሀል ተሰልፈው የሚሄዱ ትንንሽ ቦዮች አሉ። ካርቶን በቦዮቹ መስመር በቀላሉ ይታጠፋል፤ ከዚያ ጋር ተሻግሮ ግን አይታጠፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጆሮውን ሲቆርጡ ቦዮቹ ከሥር ወደ ጫፍ መቆም አለባቸው። አግድም ከሆኑ ኮፍያ ወይም የሰው እጅ በነካው ቅጽበት ይሰበራል።

መጠኑ ለ6 ዓመት ልጅ 12 ወይም 13 ሴ.ሜ. ዲያሜትር ይበቃል። ከ15 ሴ.ሜ. ካለፈ ንፋስም የራሱ ክብደትም ይጥለዋል። ክቡን ሲስሉ ከሥሩ 5 ሴ.ሜ. ስፋትና 4 ሴ.ሜ. ርዝመት ያለው ምላስ ይተዉለት። ካርቶኑን በሁለት የፌልት ክቦች መሀል አስገብተው ዙሪያውን በቀጭን የሙጫ መስመር ይዝጉት። ከዚያ ምላሱን መሀሉን ሰንጥቀው ግማሹን ወደ ፊት፣ ግማሹን ወደ ኋላ በመያዣው ዙሪያ ያጥፉና ይለጥፉ፤ በመጨረሻም የምላሱን ግራና ቀኝ 3 ሴ.ሜ. ያህል እያለፉ በክር ጥብቅ አድርገው ይጠቅልሉ። ጆሮውን የሚያቆመው ይህ ጥቅልል ነው፤ ሙጫው ረዳት ብቻ ነው። በሁለቱ ጆሮዎች መሀል 10 ሴ.ሜ. ያህል ክፍተት ይኑር። በጣም ሲቀራረቡ ጥንቸል ይመስላል፣ ወደ ጎን ሲወርዱ ደግሞ ዝንጀሮ።

የሚሮጥና የሚዘል ልጅ ከሆነ የፀጉር መያዣውን ትተው ጆሮውን ኮፍያው ላይ ያድርጉት። ለዚህ ኮፍያው ላይ 5 ሴ.ሜ. ሰንጥቀው ምላሱን ወደ ውስጥ ያስገቡና ከውስጥ በኩል ግራና ቀኝ አጥፈው በእጅ ስፌት ይያዙት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ለወንድ ልጄ አራት ማዕዘን የሆነ ቢጫ ገጸ ባህሪ ከካርቶን ሳጥን ሠርቼለት ነበር። ቢጫው ቡናማ አወጣ፣ ሳጥኑ ተጣመመ፣ ልጁም መቀመጥ አልቻለም። ዘንድሮም ያንኑ ይፈልጋል። — አባት

መልስ፦ ሦስቱም የተለያየ ምክንያት ስላላቸው ለየብቻ እንያቸው።

ቢጫ ከሥሩ ያለውን የመሸፈን አቅሙ ዝቅተኛ ነው። ቡናማ ካርቶን ላይ አራት ጊዜ ቢደራረብም ቡናማው ያሸንፈዋል፤ ቀለምም ይባክናል። መድኃኒቱ ነጭ መደብ ነው። በውሃ የሚቀጥን ነጭ የግድግዳ ቀለም አንድ ጊዜ ይቀቡ፣ እጅ ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ ያድርቁት፣ ከዚያ ቢጫውን ስስ አድርገው ሁለት ጊዜ ይደርቡ። በብሩሽ ፈንታ ሮለር ከተጠቀሙ መስመር አይተውም። ቀይና ብርቱካንማ ቀለምም ይኸው መደብ ያስፈልጋቸዋል፤ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ግን ያለ እሱ ይሸፍናሉ።

መጣመሙን ያመጣው ውሃ ነው። ካርቶን ወረቀት ስለሆነ የተቀባው ጎን ውሃ ጠጥቶ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰበሰባል፤ ያልተቀባው ጎን ባለበት ይቆያል። ሁለቱ ጎኖች እኩል ካልሄዱ ሰሌዳው ይጎብጣል። ስለዚህ ውስጡንም አንድ ጊዜ ይቀቡት፤ ቀለሙ የተረፈ፣ የማይፈለግ ማንኛውም የውሃ ቀለም ሊሆን ይችላል። ሌላው ነገር፣ ሳጥኑን ከመቀባትዎ በፊት ገጣጥመው ማዕዘኖቹን ከውስጥ በፕላስተር ይያዙ። ቀድሞ የቆመ ማዕዘን ሰሌዳው እንዳይጎብጥ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ልኩ እንምጣ። ሳጥን የሚመረጠው በገጸ ባህሪው ሥዕል ሳይሆን በተቀመጠ ልጅ ልክ ነው። ልጁን ወንበር ላይ ያስቀምጡትና ከትከሻው እስከ ጭኑ ይለኩ። የሳጥኑ የፊት ቁመት ከዚያ መብለጥ የለበትም። ከኋላ በኩል 4 ሴ.ሜ. ያሳጥሩት፤ አለበለዚያ ሲቀመጥ መቀመጫው ሳጥኑን ወደ ላይ ገፍቶ ጠርዙ አገጩን ይመታዋል። ስፋቱ ከትከሻ እስከ ትከሻ ካለው 6 ሴ.ሜ. ይጨምር፤ ከዚህ በላይ ሲሰፋ ልጁ በር ላይ ይጋጫል፣ እጁንም አያገናኝም። ገጸ ባህሪው ሥዕሉ ላይ ረዥም ከሆነ፣ የቀረውን ርዝመት ከሳጥኑ ሥር ከሚንጠለጠል ጨርቅ ያግኙት።

የራስ ቀዳዳው ሞላላ ይሁን፤ ከፊት ወደ ኋላ 22፣ ከጎን ወደ ጎን 19 ሴ.ሜ.። ልጁ ካለእርዳታ ሊያወልቀው መቻል አለበት፤ ይህን ቤት ውስጥ ደጋግመው ይሞክሩት። የክንድ ቀዳዳው ከላይ 5 ሴ.ሜ. ወርዶ ይጀምርና 18 ሴ.ሜ. ቁመት፣ 14 ሴ.ሜ. ስፋት ይኑረው። ሁሉንም ጠርዝ በጨርቅ ፕላስተር ይሸፍኑ፤ ጥሬ የካርቶን ጠርዝ አንገትና ብብት ይፍቃል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ የሳጥኑን ክብደት ማን እንደሚሸከም ነው። ሳጥኑ በቀጥታ ትከሻ ላይ ካረፈ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጁ ማልቀስ ይጀምራል። 4 ሴ.ሜ. ስፋት ያላቸው ሁለት የጨርቅ ማንጠልጠያዎች ከፊት ሰሌዳ ወደ ኋላ ሰሌዳ ከውስጥ ያሳልፉ። ሰሌዳዎቹን ሰንጥቀው ጫፋቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ይቋጥሩና ቋጠሮውን በቀለም ወይም በፌልት ይሸፍኑ። ርዝመታቸውን የሳጥኑ ጣራ ከትከሻው 2 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎ እንዲንሳፈፍ አድርገው ያስተካክሉ።

ልጁ ከ5 ዓመት በታች ከሆነ ግን ሳጥኑን እንዲተዉት እንመክራለን። ሁለት ሰሌዳ፣ አንድ ለፊት አንድ ለኋላ፣ በትከሻ ማንጠልጠያና ከጎን በላስቲክ ተያይዞ ይበቃል። የእያንዳንዱ ሰሌዳ ጠርዝ 8 ሴ.ሜ. ያህል ወደ ጎን ቢታጠፍ ከፊት ሲያዩት ሳጥን ነው፤ ልጁ ግን ይቀመጣል፣ ያጎነብሳል፣ መጸዳጃ ቤትም ይገባል።

በመጨረሻ ጥቁሩን መስመር አይርሱ። ካርቱንን ካርቱን የሚያስመስለው ዙሪያውን የሚዞረው መስመር ነው። በእያንዳንዱ ቅርጽ ጠርዝ፣ በዓይኑም በአፉም ዙሪያ 1 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው መስመር ያስምሩ። ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለዚህ ከማርከር ይሻላል፤ ስለሚለጠጥ ክብ ላይም ሳይጨማደድ ይዞራል።

ጥያቄ፦ ለልጄ ማስክ ላድርግላት ወይስ የገጸ ባህሪውን ዓይኖች ሌላ ቦታ ልሥራ?

መልስ፦ ሌላ ቦታ። ማስክ የጎን እይታን ይዘጋል፣ ትንፋሽ ሲያረጥበው ይንሸራተታል፣ ልጅቷም ብዙም ሳትቆይ ታወልቀዋለች። ዓይኖቹን ኮፍያ ላይ፣ ከግንባሯ በላይ ያድርጓቸው። ነጭ ክቦቹ 8 ሴ.ሜ.፣ ጥቁር ብሌኖቹ 3 ሴ.ሜ. ይሁኑ። ብሌኖቹን መሀል ላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ አፍንጫው አስጠግተው ይለጥፉ፤ ያኔ ፊቱ የሚያየው ነገር ያለው ይመስላል። ወደ ውጭ ከተለያዩ የፈዘዘ ፊት ይወጣል። በሁለቱም ብሌን ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ 8 ሚ.ሜ. የምታክል ነጭ ነጥብ ያክሉ። ከዚያ ሳይለጥፉ በፊት ልብሱን አልብሰው ከክፍሉ ሌላ ጫፍ ሆነው ይዩት፤ ዓይን 1 ሴ.ሜ. ሲንቀሳቀስ የፊቱ ስሜት ይለወጣል።

ጥያቄ፦ የሆዱን ነጭ ክብ ሹራቡ ላይ በግሉ ጋን (ሙጫ አቅልጦ በሚያወጣ መሣሪያ) ለጠፍኩት። ልጄ ሲለብሰው ተጨማደደ፣ ከዚያም ከጠርዙ ተነሳ። አፍንጫውን ደግሞ ከነጭ ፎም ኳስ ቆርጬ በስፕሬይ ስቀባው ቀለጠ።

መልስ፦ ሹራብ ይለጠጣል፣ የደረቀ ሙጫ አይለጠጥም። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የተለጠፈ ሹራብ ሰውነት ሲገባበት ይሰፋል፤ ክቡ ግን ባለበት ስለሚቆይ መጀመሪያ ይጨማደዳል፣ ቀጥሎ ይላቀቃል። ሹራቡ ውስጥ የልጁን ሆድ የሚያክል ትራስ አስገብተው ወጥረው ይለጥፉት። ልጁ ለብሶት እያለ ግን በጭራሽ አይለጥፉ፤ ከግሉ ጋን የሚወጣው ሙጫ ቆዳ ያቃጥላል። ሙጫውን እንደ መስመር ሳይሆን በ4 በ4 ሴ.ሜ. ልዩነት በነጥብ በነጥብ ያድርጉት፤ በነጥቦቹ መሀል ያለው ጨርቅ መለጠጥ ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዙሪያውን ረጃጅም የእጅ ስፌት ማድረግ ነው፤ ሲያልቅ በደቂቃዎች ይተረተራል፣ ሹራቡም አይበላሽም።

ያቀለጠው ስፕሬዩ ነው። በስፕሬይ ቀለም ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ነጩ ፎም የተሠራበትን ፖሊስቲሪን ያሟሟል። ለዚህ ዓይነት ፎም አክሪሊክ ወይም ሌላ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ይጠቀሙ። ግሉ ጋኑም ከፍተኛ ሙቀት ያለው ዓይነት ከሆነ ፎሙን ይበሳዋል፤ ዝቅተኛ ሙቀት ያለውን ይውሰዱ፣ ወይም ሙጫውን መጀመሪያ ካርቶን ላይ አፍስሰው ጥቂት ሰከንድ ከቆዩ በኋላ ፎሙን ያስቀምጡበት።

ጥያቄ፦ ጅራቱ ሱሪዋን ወደ ታች እየጎተተ አስቸገራት።

መልስ፦ ጅራት ሱሪ ላይ አይሰፋም። ከሹራቡ ሥር፣ ወገቧ ላይ 3 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው ላስቲክ ያስሩላትና ጅራቱን እዚያ ላይ ይስፉት፤ ሱሪው ላይ በተበሳ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ከሹራቡ ጠርዝ ሥር ይወጣል። ውስጡን በትራስ ሙሌት አላልተው ይሙሉት። ጠጥሮ የተሞላ ጅራት ይከብዳል፣ ሲቀመጡም ይቆረቁራል። እንዲቆም ሽቦ ካስገቡ ሁለቱን ጫፎች ወደ ውስጥ ቆልምመው በፕላስተር ይጠቅልሉ። ርዝመቱ ከጉልበቷ በታች አይውረድ፤ ሌላ ልጅ ይረግጠዋል።

ጥያቄ፦ የካርቱን እጅ ለምን ባለ 4 ጣትና ነጭ ጓንት ያደረገ ሆነ? እኔስ እንዴት ልሥራው?

መልስ፦ በጥቁርና ነጭ ፊልም ዘመን ጥቁር እጅ ከጥቁር ሰውነት ፊት ሲያልፍ አይለይም ነበር። ሚኪ ማውስ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲታይ ባዶ እጁን ነበር፤ ጓንቱ የመጣለት በ1929 ነው። የጣቶቹ ቁጥር ደግሞ የሥራ ጉዳይ ነው፤ እጅን በሺዎች ጊዜ ለሚስል ሰው አንድ ጣት መቀነስ ብዙ ድካም ያቀልለታል፣ እጁም ጠቅለል ያለ መልክ ይይዛል።

ለመሥራት የሚለጠጥና በአንድ ቁጥር የተለቀ ነጭ ጓንት ይውሰዱ። የትንሿን ጣት ማስገቢያ ወደ ውስጥ ገልብጠው አፏን በጥቂት ስፌት ይዝጉ፤ ልጁ ቀለበት ጣቱንና ትንሿን ጣቱን አንድ ላይ ያስገባል። በጓንቱ ጀርባ 4 ሴ.ሜ. ርዝመት ያላቸው ሦስት ጥቁር መስመሮች በጨርቅ ማርከር ያስምሩ። ሲያሰምሩ ውስጡ ካርቶን ያስገቡ፤ አለበለዚያ ቀለሙ ወደ መዳፉ ያልፋል።

ጥያቄ፦ የልጄ ቆዳ ቶሎ ይቆጣል። ፊቷን መቀባት እፈራለሁ፤ ግን ገጸ ባህሪዋ ያለ ፊት ቀለም አይሆንም።

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፣ ግን መንገድ አለው። ለፊት ተብሎ የተሠራ፣ በውሃ የሚለቅ ቀለም ብቻ ይጠቀሙ። የዕደ ጥበብ ቀለም ላይ «መርዛማ አይደለም» ተብሎ ቢጻፍም ቆዳ ላይ እንዲቀባ ተፈትኗል ማለት አይደለም። አክሪሊክ፣ ማርከርና የወረቀት ሙጫ ፊት አጠገብ አይድረሱ። የመረጡትን ቀለም ከበዓሉ ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው በክንዷ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብተው ይቆዩ። መቅላት፣ ማሳከክ ወይም ሽፍታ ካመጣ ይተዉት። ሁሉንም ቀለም ለየብቻ ይፈትኑ፤ ነጩ ተስማማት ማለት ቀዩ ይስማማታል ማለት አይደለም። በጨለማ የሚያበሩና ፍሎረሰንት የሆኑ ቀለሞችን ከዓይኗ ያርቁ። ዓይን ውስጥ የሚገባ ባለ ቀለም ሌንስም ያለ ዓይን ሐኪም አይሞከርም።

ደግሞ ፊቷን በሙሉ መሸፈን አያስፈልግዎትም። የአፍንጫዋ ጫፍ፣ ጉንጮቿ ላይ ሁለት ክብና ጥቂት የጢም መስመሮች ኮፍያው ላይ ካለው ፊት ጋር ሲገናኙ ይበቃሉ። የግድ ሙሉ ፊት ከሆነ ስፖንጁን አርጥበው በደንብ ይጭመቁት። ቀለም ቦታ ቦታ እየዘለለ የሚይዘው ውሃው ሲበዛ ነው። መደቡ ሳይደርቅ መስመር አይስቡ፤ ጥቁሩን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ያድርጉ። ከመተኛቷ በፊት ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይታጠብ፤ አይፈተግ።

ጥያቄ፦ ልጄ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው። የካርቱን መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሾፌር ልናደርገው አስበናል። ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ግሩም ሐሳብ ነው፤ ዊልቸሩ የልብሱ ዋና ክፍል ስለሚሆን ቅርጹ ከሩቅ ይታያል። ሥራውን ከመለካት ይጀምሩ። የሚገባበትን ጠባብ በር ስፋት ይውሰዱና መኪናው ከዚያ ቢያንስ በ10 ሴ.ሜ. እንዲያንስ ያድርጉ።

ሦስት ቁርጥራጭ ይበቃል፤ ሁለት የጎን ሰሌዳና አንድ የፊት። የፊቱን ለብቻ የሚወልቅ ያድርጉት፤ ልጁ ወደ ዊልቸሩ ሲወጣና ሲወርድ መንገድ እንዳይዘጋበት። ሰሌዳዎቹን በቬልክሮ (ተጣብቆ በሚላቀቅ ማሰሪያ) ወይም በፕላስቲክ ካብል ማሰሪያ ከብረቱ አካል ጋር ይያዙ፤ ተነቃይ የክንድ ማሳረፊያ ላይ ግን አይሰሩ። ልጁ ጎማውን በእጁ የሚገፋ ከሆነ የሚጨብጠው ቀለበት ሙሉ በሙሉ ነጻ ይሁን። በዚህ ጊዜ ጎማውን መሸፈን ሳይሆን ማስዋብ ይሻላል፤ ክብ ካርቶን ቀብተው ከጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች ጋር በካብል ማሰሪያ ይሰሩት፣ የማሰሪያዎቹን ትርፍ ጫፍ ቆርጠው ይጣሉ። የመኪናው ጎማ የዊልቸሩ ጎማ ሆነ ማለት ነው፤ ሲሄድም ይዞራል።

የፊት ትንንሽ ጎማዎች ሙሉ ክብ ስለሚዞሩ በሁሉም አቅጣጫ 5 ሴ.ሜ. ክፍተት ይተዉላቸው። ፍሬኑን ልጁም እናንተም ሳትፈልጉ ማግኘት አለባችሁ። መግፊያ እጀታው ላይ ከባድ ነገር አይስቀሉ፤ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። የኤሌክትሪክ ከሆነ ባትሪውና ሞተሩ አየር የሚያገኙበትን ቦታ አይዝጉ። ሲጨርሱ ልጁን አስቀምጠው አንድ ሙሉ ዙር፣ አንድ በር፣ አንድ ቁልቁለት ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ 14 ዓመቴ ነው። ከፊኛና ከጋዜጣ ትልቅ የካርቱን ጭንቅላት ልሠራ ነው። ባለፈው ስሠራ ፊኛው ፈነዳና ሁሉም ተጨራመተ።

መልስ፦ ቢያንስ አንድ ሳምንት ያዝለት፤ ይህ ሥራ በችኮላ አይሆንም። ፊኛው 35 ሴ.ሜ. ያህል እስኪሰፋ ንፋ። ሙጫው 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄት በ1 ኩባያ ተኩል ውሃ ነው፤ ሻጋታ እንዳይዘው 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምርበት። ጋዜጣውን 3 ሴ.ሜ. ስፋት ባለው ቁራጭ በእጅህ ቅደደው እንጂ በመቀስ አትቁረጠው፤ የተቀደደ ጠርዝ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ካለው ጋር ይዋሃዳል። አንዱን ዙር በጋዜጣ፣ ቀጣዩን በነጭ ወረቀት ብታደርገው ያልተሸፈነው ቦታ ወዲያው ይታይሃል። አራት ዙር ያስፈልጋል። ከሁለት ዙር በኋላ 24 ሰዓት አድርቀው፤ እርጥብ በእርጥብ ላይ ከደረብክ ውስጡ ሳይደርቅ ይሻግታል።

ፊኛህ የፈነዳው ሙቀት አግኝቶት ይሆናል። ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ አየሩ ይስፋፋል፤ ሌሊት ቅዝቃዜ ሲመታው ደግሞ ይኮማተርና ወረቀቱን ይዞ ይጨማደዳል። ሙቀቱ በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ ሰቅለህ አድርቀው። ሲያልቅም ፊኛውን በድንገት አታፈንዳ፤ ቋጠሮው አጠገብ በመቀስ ጫፍ ትንሽ በስተህ አየሩ ቀስ ብሎ ይውጣ፣ ፊኛው ራሱ ከወረቀቱ ይላቀቃል።

የአንገቱን ቀዳዳ 24 ሴ.ሜ. አድርገህ ቁረጥ። እንዳይወዛወዝ ውስጡ የልክህን ኮፍያ በ4 የስፖንጅ ቁራጮች አስደግፈህ ለጥፍ። የምታየው በገጸ ባህሪው አፍ በኩል ይሁን፤ አፉን ቁረጥና ከውስጥ ጥቁር መረብ ጨርቅ ለጥፍበት፤ ከውጭ ጥቁር አፍ ይመስላል፣ ከውስጥ ያሳያል። ከላይ ፀጉሩ በሚሸፍነው ቦታ 3 ሴ.ሜ. የሆኑ ሦስት የአየር ቀዳዳዎች ክፈት። ደረጃ ስትወርድና መንገድ ስታቋርጥ አውልቀው።

ጥያቄ፦ የቀረኝ አንድ ምሽት ብቻ ነው። ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ገጸ ባህሪውን ግን እርስዎ ይምረጡ። ባለ አንድ ቀለም ቢጃማ ካለ እንስሳ ይሁን። መጀመሪያ የጭንቅላቱን ሥራ ይጨርሱ፤ ሙጫው እየደረቀ ሳለ ሆዱንና ጓንቱን ይሥሩ። ቀለም የሚባል ነገር አይክፈቱ፣ አይደርቅም። በቀለም ፈንታ ባለ ቀለም ፕላስተርና ፌልት ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ምሽቱ ቀዝቃዛና ጨለማ ነው። ካፖርት ከላይ ካለበስኳት ልብሱ አይታይም፤ ካላለበስኳት ትበርዳለች።

መልስ፦ ካፖርቱ ከሥር ይግባ። ለዚህ ግን ልኩን ሲወስዱ ካፖርቱን ወይም ወፍራሙን ሹራብ አልብሰው መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በመጨረሻው ሰዓት እጅጌው አይገባም። የቀሚስ ወይም የካባ ጠርዝ ከቁርጭምጭሚቷ 5 ሴ.ሜ. ከፍ ይበል። ጥቁር ልብስ ከሆነ ጀርባዋ፣ እጅጌዋና ቦርሳዋ ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ፕላስተር ይለጥፉ፤ የመኪና መብራት የሚያገኘው እሱን ነው። ካባ አንገት ላይ በገመድ አይታሰር፣ ሲያዝ በሚለቅ ቬልክሮ ይሁን።

ዱባ ውስጥ ሻማ የሚበራበት ምሽት ስለሆነ የሚንዘላዘል እጅጌ፣ የተለጠፈ ጥጥና ስስ ሰው ሠራሽ ጨርቅ በቀላሉ እሳት ይይዛሉ። እጅጌውን አንጓዋ ላይ በላስቲክ ይሰብስቡት፤ ጥጥ ማድረግ ከፈለጉም በነጭ ፌልት ይተኩት። በመኪና የምትሄድ ከሆነ ሳጥን፣ ስፖንጅና ወፍራም ሙሌት ያለበትን ልብስ አውልቃ ቀበቶዋን ትሰር። በቀበቶና በሰውነቷ መሀል የሚገባ ስፖንጅ ግጭት ሲኖር ይጨመቅና ቀበቶው ላልቶ ይቀራል። ልብሱን እዚያው ስትደርስ ያልብሷት።